ካፒቴን፣ ፕሪንስ እና ሰውየው

ነገሩ የጀመረው በአንድ አልበም ነው።

ለንደን ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ሰኞ ሰኞ የምሄድላቸው አሮጊት ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። ያደጉት ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ፣ በአንድ የገበሬ መንደር ነው። አንድ ቀን ሻይ እያፈላሁ ጠሩኝና አልበማቸውን ገለጡ። ሁለት ግዙፍ ፈረሶች ማረሻ ተጠምደው ቆመዋል። አጠገባቸው ኮፍያ ያደረገ ሰው ልጓም ይዟል። ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። በእርሳስ ተጽፏል፦ «ካፒቴን፣ ፕሪንስ እና ሰውየው። 1946።»

«ካፒቴን የቱ ነው?» አልኳቸው።

በግራ በኩል ያለው ነው። ቁጡ ነበር አሉ። ፕሪንስ ግን ልጅ ጀርባው ላይ ቢተኛ እንኳ ዝም ነው። ጆሮው፣ አበላሉ፣ ውኃ ሲያይ የሚያደርገው፣ ሁሉንም አወሩልኝ።

«ሰውየውስ?»

«የአባቴ ሠራተኛ ነበር» አሉና ገጹን ገለበጡት።

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የምሥራቅ ጎጃም። ማሳችን ላይ የተነሣ አንድም ፎቶ የለንም። የአባባ የወጣትነት ፎቶ ለመታወቂያ የተነሱት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው አልበም ሳይ እቀናለሁ። ያች «ሰውየው» የምትል ቃል ግን አልወጣልህ አለችኝ። ከዓመት ፈቃዴ ቀንሼ እንግሊዝን በገጠሯ በኩል ላያት ተነሣሁ። ጓደኞቼ ቱርክ ሄደው ባሕር ዳርቻ ሲጋደሙ፣ እኔ የድሮ ማረሻ ፍለጋ።

ማክሰኞ፣ ሬዲንግ

ከፓዲንግተን ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ገጠር ሕይወት ሙዚየም አለው። የተቋቋመው በ1951 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ትራክተር ፈረስን ከማሳ እያባረረ የነበረበት ዘመን ነው። ዕቃው ማገዶ ሳይሆን እንሰብስበው ያለ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። መግቢያው ነፃ ነው።

ሙዚየሙን ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል። በ2018 ትዊተር ላይ የአንድ ግዙፍ በግ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለጥፎ ዓለምን ያሳቀው እሱ ነው። ፎቶው የ1962 ነው። በጉ ዝነኛ ሆነ፤ መቼም እንግሊዝ አገር የቤት እንስሳ ዕድለኛ ነው።

ጋሪዎቹ አዳራሽ ሞልተዋል። ከአውራጃ አውራጃ ቅርጻቸው ይለያል፤ እንደ መሬቱ፣ እንደ መንገዱ፣ እንደ አናጢው። እኔ ግን ቶሎ ወደ ፎቶዎቹ አለፍኩ።

የአጨዳ ፎቶዎች ፊት ስቆም ማብራሪያውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ማጨድ፣ ማሰር፣ መከመር፣ መውቃት። ቅደም ተከተሉ የኛው ነው። ነዶዎቹን እነሱ ስድስትም ስምንትም አድርገው እርስ በርስ አደጋግፈው ያቆሟቸዋል፤ ነፋስ እንዲገባቸው። በአገራቸው ዝናብ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ከዚያ ክምር ነው። የነሱ ክምር እንደ ጎጆ በሣር ይከደናል። የሚወቃው በነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ነው። በእንፋሎት የሚሠራው ሞተር መውቂያውን እየጎተተ ከገበሬ ገበሬ ይዞራል። እሱ የመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ደቦ ማለት ነው እንግዲህ፤ በሬ በአውድማ ላይ ባይዞርም። ኮምባይነር ሲመጣ ይሄ ሁሉ አለቀ። የሚያጭደውም የሚወቃውም አንድ ማሽን ሆነ። ሹፌሩ ብቻውን ነው፤ ሬዲዮውን ከፍቶ።

ቃርሚያም ነበራቸው። አጨዳው ካለቀ በኋላ ሴቶችና ልጆች የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ። በብዙ መንደር ቃርሚያ የሚጀመረው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ነበር፤ ቀድሞ የገባ እንዳይኖር። ለድሃ ቤተሰብ የክረምት ዱቄት ማለት ነው። በ1788 ግን ፍርድ ቤት ቃርሚያ የማንም መብት አይደለም ብሎ ፈረደ። ሕዝቡ ፍርዱን ብዙም አልሰማውም፤ በየቦታው ሌላ መቶ ዓመት ቃረመ። የሩትን ታሪክ በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ እንዴት ብሎ እሺ ይላል?

ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ስወጣ እግሬ ዝሎ ነበር።

ረቡዕ፣ ላኮክ

በባቡር እስከ ቺፐናም፣ ከዚያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ አልመጣም። ሰሌዳው ላይ «ደርሷል» ይላል፤ መንገዱ ላይ ግን እኔና አንዲት ርግብ ብቻ ነን። በእግሬ ጀመርኩት። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድኩ፤ ጫማዬን ላኮክ ስደርስ አላወቅኩትም።

ላኮክ ዊልትሻየር ውስጥ ያለች መንደር ናት። ገዳም የነበረውን ትልቁን ቤትና መንደሩን በ1944 ባለርስቷ ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጥተዋል። ዋናው መንገድ ላይ የመብራት ገመድ አታዩም፣ የቴሌቪዥን አንቴና አታዩም። ለዚህ ነው ፊልም ሠሪዎች የማይጠፉት። እውነት ለመናገር ለኔ ትንሽ በዛብኝ። ፅድት ያለ መንደር፣ ፋንድያ የማይሸት መንደር፣ የገበሬ መንደር አይመስለኝም።

የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። ፎቶግራፍን እዚህ አገር ከፈጠሩት ዋነኛው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የዚህ ቤት ጌታ ነበር። በነሐሴ 1835 የቤቱን መስኮት ከውስጥ ሆኖ አነሳ። ያ ከነበሩት ኔጋቲቮች ሁሉ እስከ ዛሬ የቆየው ጥንታዊው ነው። ካሜራዎቹ ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ሣጥኖች ስለነበሩ ሚስቱ «የአይጥ ወጥመድ» ትላቸው ነበር። መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ተራ መስኮት ነው። ብርሃን ይገባል፤ አለቀ።

ልቤን የያዘው ሌላው ፎቶው ነው። በ1844 ያነሳው የድርቆሽ ክምር። ቅጂውን ስልኬ ላይ አጉልቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ክምሩ ትልቅ ነው፤ ቤት ያክላል። በአንድ በኩል እንደ ዳቦ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። መሰላል ተደግፎበታል፤ የመሰላሉ ጥላ ድርቆሹ ላይ ወድቋል። ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ታልቦት ራሱ ይህን ፎቶ ሲያትም፣ ካሜራ ሠዓሊ ሊቀዳው የማይደክምለትን ጥቃቅን ነገር ሁሉ ይይዛል ብሎ ጽፏል። ልክ ነው። ሁሉም አለ። ሰው ብቻ የለም።

ለአባባ ላክሁላቸው። አሁን ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ጋር ናቸው፤ ኔትወርክ ካለ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ታሳያቸዋለች። ማታ ደወሉ።

«ድርቆሽ ነው አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«በምን ነው እንዲህ የቆረጡት?»

ለዚሁ የሚሆን ረጅም ቢላ እንዳላቸው ነገርኳቸው። ክምሩን ሳያፈርሱ ለከብት የሚበቃውን ያህል ቆርጠው ያወርዳሉ። አባባ ዝም አሉ። ሙያ ሲያዩ ዝም ይላሉ።

«ይሄማ እጅ ያለው ሰው ነው። ማን ነው የከመረው?»

«አይታወቅም። ያነሳው ጌታው ነው።»

«ያነሳውን መች ጠየቅሁህ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ መንገድ

ቀኑን ሙሉ ባቡር። ለንደን ተመልሼ ከኪንግስ ክሮስ ወደ ሰሜን። በመስኮት የሚታየው እንግሊዝ በአጥር ቁጥቋጦ የተከፋፈለ አረንጓዴ ነው። ሰው ይህን ሲያይ ከፍጥረቱ እንዲህ ነበር ይላል። አልነበረም። ከ1604 እስከ 1914 ፓርላማው ከ5,200 በላይ የአጥር ሕጎች አውጥቷል። ከእንግሊዝ መሬት ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጠው በእነዚህ ሕጎች ታጥሯል። በፊት የጋራ ግጦሽ፣ ያለ አጥር ጎን ለጎን የተዘረጋ ማሳ የነበረው የግል ሆነ። አንዲት ላም የነበረችው ድሃ ላሟን የሚያሰማራበት አጣ። ፖስት ካርድ ላይ የምናደንቀው ውበት አንድ ክፍሉ ይሄ ነው።

ባቡሩ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ ሞቀ። የበሬዎቻችንን ስም አውቃለሁ። ቦራ እና ዳልቻ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው። እኔ ልጅ ሆኜ ከእኛ ጋር የኖረ እረኛ ነበር። ሁለት ዓመት አብሮን ኖሯል፤ ማታ ማታ ከአንድ ገበታ በልተናል። ዋሽንት ይነፋ ነበር። ስሙን ግን ከኒውአርክ ጣቢያ እስክወርድ ባስብ ባስብ ጠፋብኝ።

ዓርብ፣ ላክስተን

ላክስተን አሮጊቷ ባደጉበት በኖቲንግሃምሻየር ናት፤ በእንግሊዝ የጥንቱ የሦስት ማሳ አስተራረስ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለባት መንደር ናት። ሦስቱ ማሳዎች ምዕራብ፣ ደቡብና ወፍጮ ይባላሉ። አንዱ በመኸር ስንዴ ይዘራል። ሌላው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ። ሦስተኛው ጦም ያድራል። በዓመቱ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ ገበሬው እዚህም እዚያም የተበተነ ቁራጭ አለው። ለአንዱ ለም፣ ለሌላው ጭንጫ ደረሰው እንዳይባል፤ ሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል።

ታክሲው መንደሩ መሐል ዶቭኮት የሚባለው መጠጥ ቤት በር ላይ ጣለኝ። የገበሬዎቹ ቤቶች ከነጎተራቸው መንገዱን ይዘው ተደርድረዋል። ሌላ ቦታ ብትሄዱ የገበሬ ቤት ብቻውን ማሳ መሐል ነው የምታገኙት፤ እዚህ ግን መንደር ውስጥ ነው። ይኸው ፋንድያም ሸተተኝ። ደስ አለኝ።

ከመጠጥ ቤቱ አጠገብ ትንሽ የጎብኚዎች ቤት አለች። ማርክ ፒርስ የሚባል ቀያሽ በ1635 የሠራው የመንደሩ ካርታ ዋናው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። ካርታው እያንዳንዷን ቁራጭ መሬት ያሳያል። ደስ የሚለው ደግሞ ቀያሹ ባዶ ቦታ ባገኘበት ትንንሽ ሰዎች መሳሉ ነው። የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ መንጋ የሚጠብቅ። ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች፤ ካሜራ ሊፈጠር ሁለት መቶ ዓመት ሲቀረው ጀርባቸውን አጉብጠው ይሠራሉ። ስማቸው የለም። ቢሆንም አሉ።

ከሰዓት ወደ ምዕራቡ ማሳ ወጣሁ። አጥር የለም። እርሻው እስከ አድማስ ይሄዳል። አንዱ ቁራጭ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። አንድ አዛውንት ገበሬ ውሻቸውን ይዘው ሲያልፉ አፈሩን በእጄ ስጨብጥ አዩኝ።

«እርሻ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አባቴ በጥማድ በሬ ነው ያረሱት።»

ይህን ስል ፊታቸው ተቀየረ። ጥማድ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት በሬ ነው፤ ደግሞም ሁለት በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ልክ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «ኤከርም እኮ እሱ ነው» አሉኝ። የእንግሊዝ ኤከር በጥንቱ ፍቺው የተጠመዱ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው። ፈርሎንግ የሚሉት ርቀትም በሬ ሳያርፍ የሚሄደው የአንድ ትልም ርዝመት ነው። ኤከሩ ከእኛ ጥማድ ይሰፋል። በሬያቸው ብዙ ነበር፤ አፈራቸውም ከባድ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ሕዝብ ሳይመካከር መሬትን በበሬ ድካም ለካ።

ከዚያ ዋናውን ነገር አመጡት። ስንዴው ከተዘራ በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ፣ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ዳኞች ማሳውን ዞረው ያያሉ። የጎረቤቱን መሬት የገፋ አለ? መንገድ ያረሰ አለ? ትልሙን ያሳለፈ? ድንበሩ በጠፋበት ችካል ይመታሉ። በሳምንቱ እዚያው መጠጥ ቤት ችሎት ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ይቀጣል። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው። ሐፍረቱ ግን የመንደር ነው። በ1977 የወጣ ሕግ በአገሩ የቀሩትን እንዲህ ያሉ የጥንት የርስት ችሎቶች ሥልጣን ሲሽር፣ የላክስተኑን ግን አልነካም። አሁንም ይፈርዳል።

ድንበር መግፋት! እኛ አገር ወንድማማች ያጋደለ፣ ስንት ሽማግሌ ያስቀመጠ፣ ስንት ዶሴ ያስከፈተ ነገር፤ እዚህ ሰዎቹ ለዓመቱ አንድ ቀን ሰጥተውት በቢራ ይጨርሱታል።

ሌላው ቦታ ሲታጠር ይሄ መንደር ለምን እንደቀረ ጠየቅኳቸው። መሬቱ የሁለት ጌቶች ስለነበር፣ እነሱም ለረጅም ጊዜ ስላልተስማሙ ነው አሉኝ። የጌቶች ኩርፊያ ለገበሬ ሲጠቅም የሰማሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ላክስተን

ጠዋት ዝናብ። ከመንደሩ በሰሜን ያለው የጥንት ምሽግ ጉብታ ላይ ወጥቼ ወዲያው ወረድኩ፤ ጉም እንጂ ምንም አይታይም።

ሽማግሌው ትናንት ጋብዘውኝ ስለነበር ወጥ ቤታቸው ገባሁ። የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ፎቶ። የመከር ቀን፣ ፈረሶች፣ ጎማው ሰው የሚያክል ትራክተር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሊያግዙ የመጡ ሱሪ የለበሱ የከተማ ሴቶች። እነዚህ ሴቶች በመላ አገሪቱ ከ80,000 በላይ ደርሰው ነበር፤ ወንዱ ሲዘምት አገሩን ያበሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ፎቶ ላይ ፈረሱ ጭንቅላቱን ስላነቃነቀ ሁለት አፍንጫ ያለው ይመስላል። እዚህም ከጀርባ ስሞች ተጽፈዋል። ገበሬው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ፈረሱ። ጥግ ላይ መንሽ ይዘው የቆሙት ሁለቱ ያው ናቸው፤ «ሠራተኞች»።

ያን ነገርኳቸው። አሰቡበት። «የድሮ ሠራተኛ ስም ከፈለግህ» አሉ፣ «የችሎቱ መዝገብ ይሻልሃል። ቅጣት ያለ ስም አይሆንም።»

እውነት ነው። ጌታው ሥዕል ያሠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ድሃው አሳማው አጥር ጥሶ ሲገባ፣ ትልሙ በአንድ ክንድ ሲያልፍ ነው የሚጻፈው።

ማታ ኒውአርክ ከተማ ሆቴል ገብቼ ለአባባ ስደውል ሁሉንም ተረክሁላቸው። ጦም የሚያድረውን ማሳ ወደዱት። ችካሉን ይበልጥ ወደዱት። ከዚያ ጠየቁ፦

«መሬቱ የራሳቸው ነው?»

«አይደለም። ተከራይተው ነው የሚያርሱት።»

«ጭሰኛ ናቸው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ፈረንጅ ጭሰኛ?»

መሬቱን በ1952 ባለርስቱ ለመንግሥት ሸጦት ነበር፤ በ2020 ተመልሶ ቶርስቢ ለሚባለው ርስት ተሸጠ። ኪራዩ በገንዘብ ነው፣ እኩል የለም፣ ሲሶ የለም ብዬ ባስረዳም አባባ አልተጽናኑም። የመሬት ላራሹን ዘመን ያዩ ሰው ናቸው። «እስኪ አስብላቸው» አሉኝ።

ልንሰናበት ስንል ጠየቅኳቸው። ያ እረኛ፣ ዋሽንት የሚነፋው፣ ስሙ ማን ነበር?

አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ስሙን ነገሩኝ፤ የአባቱን ስም ጨመሩ፤ የመጣበትን ቀበሌ ጨመሩ፤ የዓመት ደመወዙን ጨመሩ። አንድ ጋቢ፣ አንድ ጥጃ። «ጥጃው ሞተበት» አሉ። «ሌላ ሰጠሁት።»

ስሙን ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ለንደን

ሥራ። አሮጊቷ ቤት ደርሼ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣ ሻይ አፈላሁ። የላክስተንን ፎቶዎች አሳየኋቸው። ቦታውን በስም ያውቁታል። አልበሙን እንዲያወጡ ለመንኳቸው። ካፒቴን እንደተቆጣ ነው። ፕሪንስ እንደታገሠ ነው።

«ሰውየው ማን ይባላል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ጣታቸውን በፊቱ ላይ፣ በልጓሙ ላይ፣ በኮፍያው ላይ አስኬዱት። ከንፈራቸው አንድ ሁለት ስም ሞከረና ተወው።

«ኮፍያውን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ከሄደ በኋላ ጎመኑ መሐል ወፍ ማባረሪያው ላይ አደረግነው። ብዙ ዓመት ቆየ።»

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ሌላ ላፈላ ተነሣሁ።